የመንገድ ዳሯ ዝግባና ኦቦ ፈይሳ

አንድ የምታከብሩት ሰው ማረፉን በስልክ ሲነግሯችሁ፣ መጀመሪያ ከአፋችሁ ያመለጠው ጥያቄ ስለ ዛፍ ሆኖ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ቡራዩ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና እያረምኩ ሳለ ማርቆስ ደወለልኝ። ማርቆስ ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ውስጥ በአናጺነት የሚሠራ፣ ጣውላ ሲልግ የመዘምራን ዝማሬ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። «ቲቸር፣ ኦቦ ፈይሳ አረፉ» አለኝ። ምን ሆነው፣ መቼ፣ ቀብሩስ የት ነው ማለት ሲገባኝ «ዝግባዋስ?» አልኩት። ማርቆስ ጥያቄው አልገረመውም። «አለች። ቆማለች» አለኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አለቀስን።

ያን ጥያቄ ለምን እንዳስቀደምኩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ሰበታ ነው፤ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ። ትምህርት ቤታችን ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ አንዲት ትልቅ ዝግባ ቆማለች። ግንዷን ሦስት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ካልሆነ አያቅፏትም። ከሥሯ በቆርቆሮ የተሠራ የእንጨት ሥራ ቤት አለ፤ የኦቦ ፈይሳ ነው። ከማርቆስ ጋር ሆነው አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አለ። ምንም ዓይነት እንጨት አጠገብ ሲደርሱ በመካከለኛ ጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። በር ሲያንኳኩ እንኳን ሰው እስኪከፍትላቸው አይመስልም፤ በሩ ራሱ የሚመልስላቸውን ነው የሚያዳምጡት።

መጀመሪያ የተዋወቅነው የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ በሄድኩ ጊዜ ነው።

«ምንድነው የምታስተምሪው?» አሉኝ።

«ባዮሎጂ። ስለ ሕይወት ማለት ነው።»

«የማን ሕይወት?»

«የሁሉም። የሰው፣ የእንስሳ፣ የዕፅዋት።»

«በደሞዝሽ ልክ አስተምሪ እንጂ፣ ሁሉንማ አትችይውም» ብለው ሳቁ። መደርደሪያው መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቃቸው «ሙጫው ይድረቅ» አሉ። ይህ አባባላቸው ነበር። የቸኮለ ደንበኛ ሲመጣ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው ሊያስታርቁ ሲጠሯቸው፣ ማርቆስ ከቤተሰቦቹ ጋር በስልክ ተቆጥቶ ሲያወራ ሲሰሙ ሁሌም «ሙጫው ይድረቅ» ይላሉ። ገና ያልረጋ ነገር ላይ ክብደት አታስቀምጡ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዝግባዋ ሥር ይዣቸው ወጣሁ። በመጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ከማሳየት ዛፉን ራሱን ማሳየት ይሻላል ብዬ ነው። ያስረዳኋቸው እንዲህ ነበር። ዝግባ ከጽድ ጋር የሚዛመድ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ ዛፍ ነው። አበባ የለውም። ወንዱና ሴቷም ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ዛፍ ወንድ ብቻ፣ ሌላዋ ሴት ብቻ። ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት፤ እሷም ብትሆን ነፋስ ከወንዱ ብናኝ ካላመጣላት የሚበቅል ዘር አይኖራትም።

ኦቦ ፈይሳ መላጊያቸውን እንደያዙ ወጡ።

«ቆይ፣ ቆይ ቲቸር። ይቺ ታፈራለች። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ዝግባ ግን አፍርቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው የቤተ ክርስቲያኑ ወንድ ነው።»

«ወንድ ነው?» መላጊያውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን መካን ናት እያልኩ ስሰድባት የኖርኩ!»

ተማሪዎቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛው ሁሉ የሚነግሩት ይህንኑ ሆነ። «ሚስትየዋ እኔ ጋ፣ ባልየው ቤተ ክርስቲያን፤ የሚያገናኛቸው ነፋስ ነው» ይላሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀና ብለው «ዛሬ ሰውዬው ሰላምታ ልኮባታል» ይላሉ። ብናኙ የሚወጣው በተወሰነ ወቅት እንጂ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አይደለም ብዬ ላርማቸው ስሞክር «አንቺ ደግሞ አታድርቂው!» ብለው አባረሩኝ።

ሰው ግን ኦቦ ፈይሳ ዝግባዋን የሚጠብቋት ወደዋት ነው ቢባል አያምንም ነበር። በወጣትነታቸው ከነበረው ጫካ የወረደውን ዝግባ ሲሰነጥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የድሮ ሰበታ ሀብታም ቤት የገባ ብፌ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው ይባላል። ራሳቸውም አይክዱም። «በዓይኔ ስንት ጊዜ ሰንጥቄያታለሁ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ግንዷን ኳ ኳ እያደረጉ። «ስንት ጣውላ፣ ስንት ብፌ፣ ስንት አልጋ ይወጣታል እያልኩ። መጋዜን ይዤ የወጣሁበትም ቀን አለ።»

«ታዲያ ምን አስተወዎት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ዝግባ ተጋድሞ ነው፣ ቲቸር። ቆማ የማውቃት ይቺን ብቻ ነች።»

የራሳቸው ዛፍ ደግሞ ነበራቸው፤ ባሕር ዛፍ። ከሥራ ቤታቸው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል የሚወርድ ቁራሽ መሬት ላይ፣ አንድ ልጃቸው ሐዊ በተወለደች ጊዜ የተከሉት ነው። ሐዊ ያኔ ሱሉልታ የአበባ እርሻ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ቤት ተከራይታ። ባሕር ዛፉ የእሷ ቤት ነው። አንድ እሑድ ወስደው አስጎበኙኝ። ሌላው ሰው ዛፍ ብቻ በሚያይበት እሳቸው ቤት ነበር የሚያዩት። «ይኼ ምሰሶው ነው። ይኼና ይኼ የበሩ መቃን። እነዚያ ቀጫጭኖቹ ማገር ይሆናሉ። ይኼ ጎባጣው... ይኼ ለማገዶ ነው፤ ሁሉም ቤት ጎባጣ አያጣም» አሉና ሳቁ። ሚስታቸው አዴ ዲንቄ ግን አልሳቁም። «በልጄ ቤት አትቀልድ» አሏቸው። አዴ ዲንቄ ሲናገሩ አጭር ናቸው፤ ከተናገሩ ደግሞ ኦቦ ፈይሳም ዝም ይላሉ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የመጣው እኔ ሰበታን ገና መልመድ ስጀምር ነው። ያኔ ያልነበረ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ባጭሩ ላስረዳ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ላይ የሚያቅድ ፕላን ወጣ ተባለ። የከተሞቹ ዙሪያ ገበሬ «መሬታችን ሊሄድ ነው» ብሎ ፈራ፤ ወጣቱም ተነሣ። መንገድ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ክፍሌ ውስጥ ባዶ ዴስኮች በዙ። አንዳንዱ ልጅ ታስሯል፣ አንዳንዱ ገጠር ዘመድ ጋ ተሸሽጓል፣ አንዳንዱን ቤተሰቡ አላስወጣም ብሎታል። ማርቆስን የመጣበትን አገር እየጠቀሰ የሚያስፈራራው ሰው ስለነበር ኦቦ ፈይሳ ከተከራየበት ቤት አምጥተው ከእነሱ ጋር አሳደሩት። «የእኔ ቤት ሰው ነው» ይሉ ነበር ለሚጠይቃቸው ሁሉ።

አንድ ረፋድ፣ ትምህርት ስለሌለ፣ ሥራ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ልጆች እየሮጡ መጡ። ከፊት ያለው ለሚ ነው፤ የእኔ ተማሪ፣ የፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥያቄ የማይሰለቸው ልጅ። ፊቱ ላይ ላቡ ይወርዳል።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ፈይሳ።»

«ፈያ፣ ኢጆሌ። ምንድነው ሩጫው፣ ውጤት ወጣ እንዴ?»

ማንም አልሳቀም።

«መጋዝ ያውሱን» አለ ለሚ። «ትልቁን። የሁለት ሰዉን።»

«ለምን?»

ለሚ በአገጩ ወደ ዝግባዋ አመለከተ። ወሬው እንዲህ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በኩል የወታደር መኪኖች እየመጡ ነው፣ ከገጠር መጥተው ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ሊለቅሙ። ዝግባዋ ወደ መንገዱ ያዘነበለች ናት፤ ከወደቀች አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ትዘጋለች። ልጆቹ በዚያ መካከል ወደ ተራራው ያመልጣሉ።

ኦቦ ፈይሳ ከግድግዳው ላይ መጋዙን አወረዱ። እኔ ደነገጥኩ። አውራ ጣታቸውን በጥርሶቹ ላይ አሳለፉና «ደንዟል» አሉ። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ ሞረድ አነሡ፣ አንድ በአንድ ጥርሱን ይሞርዱ ጀመር።

«ኦቦ፣ አሁን ነው የምንፈልገው!» አለ አንዱ ረጅም ልጅ።

«በደነዘ መጋዝ ይቺን ብትጀምሩ እስከ ነገ ቅርፊቷን ስታክኩላት ነው የሚያገኟችሁ።»

«ሽማግሌው አይሰጡንም» አለ ረጅሙ ልጅ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «ለራሳቸው ጣውላ ሊያደርጓት ነው የሚጠብቋት። ዕድሜ ልካቸውን ሲጎመጁባት አይደል?»

«ጎምጅቻለሁ» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ ቀና ሳይሉ። «ስለዚህ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ይቺን በሁለት ሰው መጋዝ ለመጣል፣ የለመደ ሰው እንኳን ቢሆን ሳይመሽበት አይጨርስም። እናንተ ደግሞ አልለመዳችሁም። መንገዱ የሚዘጋው ዛሬ ነው ወይስ ለፋሲካ?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለሚ ሊያለቅስ ደረሰ። «ታዲያ ምን እናድርግ? እዚህ ሌላ ትልቅ ዛፍ የለም!»

«አለ።»

«የት?»

ኦቦ ፈይሳ መሞረዱን አቆሙ። «ከጀርባ። የእኔ።»

ልጆቹ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ባሕር ዛፉ የማን እንደሆነና ለምን እንደተተከለ ያውቃሉ።

«የሐዊ ቤት ነው እኮ» አለ ለሚ ቀስ ብሎ።

«ባሕር ዛፍ ነው። ጉቶውን ካልነቀልከው ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይቺን ግን አንዴ ከጣልካት ቲቸር ቆማ ብታስተምራትም አትነሣም።»

ያን ጊዜ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ለሚ ግን አልሳቀም። «ኦቦ፣ በእርስዎ እንጨት መንገድ ከተዘጋ የሚይዙት እርስዎን ነው።»

«አውቃለሁ።»

አዴ ዲንቄ ከኋላ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «ፈይሳ!» አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ ፈጠን ብለው ብዙ ተናገሩ፤ እኔ የያዝኩት የልጃቸውን ስምና «ቤት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ኦቦ ፈይሳ የተሞረደውን መጋዝ በትከሻቸው አንግተው ተነሡ። አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀድመው ሄዱና የባሕር ዛፉን አጥር በር ከፈቱት።

የመጀመሪያውን የቆረጡት ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው ናቸው፤ መጋዙን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል ማርቆስ ይዘው። ወፍራም ወፍራሞቹን መረጡ። ምሰሶው ወደቀ፣ የበሩ መቃኖች ወደቁ። ልጆቹ ግንዶቹን እየጎተቱ ወደ መንገድ ወሰዱ። ኦቦ ፈይሳ ግንድ በወደቀ ቁጥር ጉቶውን በመጥረቢያ አስተካክለው፣ ዝናብ እንዳይቋጥር ወደ አንድ ጎን ያጋድሉት ነበር። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ! ረጅሙ ልጅ «ኦቦ፣ ይፍጠኑ እንጂ!» ሲላቸው «አንተ መንገድህን ዝጋ፤ እኔ ነገ የሚበቅለውን ነው የማየው» አሉት።

መንገዱ ተዘጋ። መኪኖቹ መጥተው ከግንዶቹ ወዲያ ቆሙ። ወታደሮቹ ወርደው ግንዶቹን እስኪያነሡ ድረስ ተከራዮቹ ልጆች ተበታትነው ነበር። ለሚም አብሯቸው ሄደ። ጥይት ተተኩሶ እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። በዚያ ቀን፣ በእኛ ሰፈር፣ አልተተኮሰም። በሌላ ቀን በሌላ ቦታ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች ግንዶቹ የተጎተቱበትን ዱካ ተከትለው መጡ። ዱካው መሬት ላይ በግልጽ የተሠመረ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ በየመንገዱ ወድቋል። እስከ አጥሩ ድረስ መራቸው። ኦቦ ፈይሳ ሥራ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ አልሸሹም። ይዘዋቸው ሄዱ።

አዴ ዲንቄ እቤቴ መጡ። «አንቺ ቲቸር ነሽ፤ አንቺን ይሰማሉ» አሉኝ። ተያይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ኦቦ ፈይሳ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንጨቱን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት?»

«ሰጠኋቸው አይባልም። አብሬ ቆረጥኩ።»

«ለምን?»

«ዛፍ ላተርፍ ብዬ።»

«ዛፍ ለማትረፍ ዛፍ ቆረጡ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አባባ፣ እየቀለዱብኝ ነው?»

እኔ አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። ላስረዳ ይፈቀድልኝ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም አስረዳሁ፤ ስለ ዝግባ አዝጋሚ እድገት፣ ስለ ወንዱና ሴቷ፣ ይህቺ ከተቆረጠች የቤተ ክርስቲያኑ ወንድ ብቻውን እንደሚቀርና በአካባቢው ሌላ ሴት ዝግባ እንደሌለ፣ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ። መርማሪው አገጩን በእጁ ደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጨረሽ፣ ቲቸር?»

«ጨርሻለሁ።»

«ጥሩ ትምህርት ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ግንዶቹን እነማን ተሸከሟቸው? ስም ነው የምፈልገው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። «አንቺ አስተማሪያቸው ነሽ። ታውቂያቸዋለሽ።»

ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ በየጠዋቱ ስማቸውን የምጠራው እኔ ነኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ኦቦ ፈይሳ የመርማሪውን ጠረጴዛ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉ። ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

«ይህ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ሊለቅ ነው፤ ሚስማር ነው የመቱበት» አሉ። ከዚያ በዚያው ድምፅ ቀጠሉ። «ቲቸር የምታውቀው የዛፍ ባልና ሚስት ብቻ ነው። ስለ ሰው ምንም አታውቅም። የቆረጥኩትም እኔ፣ የጎተትኩትም እኔ።»

«ያን ሁሉ ግንድ፣ ብቻዎን?»

«ጉልበቴን አላየኸውማ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁ አመለጠው። መርማሪው አልሳቀም፤ ግን አልጮኸምም። «ስም ካልነገሩኝ ወደ ቤትዎ አልለቅዎትም፣ አባባ። ይህን ይወቁልኝ።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

እንዲህ ሆኖ አሰሯቸው። መጀመሪያ እዚያው፣ ከዚያ ርቆ በሚገኝ ቦታ። እኔና አዴ ዲንቄ በሚኒባስ ምግብ እያመላለስን አንዳንዴ ገብተን አየናቸው፤ አንዳንዴ ከበር ተመለስን። ባገኘናቸው ጊዜ ስለ ራሳቸው አይናገሩም። «ጉቶዎቹን ከብት እንዳይረግጣቸው አጥሩን ዝጉ» ይላሉ። ሐዊ ከሱሉልታ መጥታ አባቷን ስታያቸው «አባ፣ ስማቸውን ንገራቸውና ውጣ፤ ቤት አልፈልግም» ብላ አልቅሳለች። እሳቸው ግን «ቤቱንማ ትፈልጊዋለሽ» አሏት። አዴ ዲንቄ እነዚያን ጉቶዎች ማየት አልችል ብለው ቁልቁል አልወረዱም። ማርቆስ ግን በየቀኑ አጥሩን ያይ ነበር።

ክረምቱ ዘነበ። የተፈቱት ከሌሎች ጋር በአንድ ላይ ነው፤ ለምን እንደተያዙ እንጂ ለምን እንደተፈቱ የነገራቸው የለም። ከስተዋል፤ አንደኛው ጉልበታቸውም እንደ ልብ አይታጠፍም። ቀደም ብሎ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ስለነበር ልጆቹም አንድ በአንድ ወደ ሰፈር ተመልሰዋል። ለሚና ጓደኞቹ ሊጠይቋቸው መጡ። ለሚ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ይቅር ይበሉን፣ ኦቦ።»

«በአፍ አልቀበልም። እጃችሁን ይዛችሁ ነገ ኑ።»

በማግስቱ ቁልቁል ወረድን። ከእያንዳንዱ ጉቶ ዙሪያ ብዙ ለጋ ቀንበጥ ወጥቶ ነበር፤ አንዳንዱ ከኔ ቁመት በላይ። ኦቦ ፈይሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ የትኞቹ ሁለት ሁለት እንደሚቀሩና የትኞቹ እንደሚቆረጡ በጣታቸው እያመለከቱ ልጆቹን አሠሯቸው። ያ «ሽማግሌው አይሰጡንም» ያለው ረጅም ልጅ ከሁሉም በላይ ሠራ። አዴ ዲንቄም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወረዱ፤ አንዱን ቀንበጥ በእጃቸው ይዘው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ውኃ ሊያመጡልን ተመለሱ።

ያ ሲያልቅ ኦቦ ፈይሳ ሁላችንንም ዝግባዋ ሥር አመጡን። ፍሬዋ ረግፎ ነበር፤ ክብ፣ አረንጓዴ፣ የጣት ጫፍ የምታህል። «አሁን ተራው የቲቸር ነው» አሉ። «ይቺን እንዴት ነው የምናበቅላት?»

አስረዳኋቸው። ሥጋውን መላጥ፣ ውስጡ ያለውን ጠንካራ ቅርፊት ዘሩ ሳይደቅ ቀስ አድርጎ መሰንጠቅ፣ ውኃ ውስጥ ማሳደር፣ በችግኝ ፕላስቲክ መዝራት፣ ጥላ ሥር ማስቀመጥ። መሰንጠቁን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ በመዶሻ፣ እንደ እንቁላል። የቀረውን ልጆቹ ሠሩ። ከዚያ ምንም አልሆነም። ሳምንታት አለፉ፣ ምንም። ለሚ አላስችለው ብሎ አንዱን ፕላስቲክ ቆፍሮ ሲያይ ኦቦ ፈይሳ ደረሱበት። እሳቸውን ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሕያው መሆኑን ላይ ብዬ ነው።»

«ሕያው ነበር! አሁን ገደልከው!» ከዚያ ቁጣቸው እንደመጣ ሄደ። አጠገቡ ተቀመጡ። «እኔም እዚያ ሳለሁ በየቀኑ በሩን ከፍተው ያዩኝ ነበር፣ ልጄ። አይመችም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልቆፈረም። ወራት ከፈጀ በኋላ ጥቂቶቹ በቀሉ።

እኔ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ማርቆስ የደወለልኝ ቀን በአለም ገና በኩል ሰበታ ገባሁ። ለቅሶው የተቀመጠው በሐዊ አዲስ ቤት ውስጥ ነበር፤ ባለፈው ዓመት የቆመ፣ ግድግዳው ከዚያው ከጉቶው መልሶ ባቆጠቆጠው ባሕር ዛፍ የተሠራ። አዴ ዲንቄ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጠው ሰው ይቀበሉ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ቤቱ ሲያልቅ ገብተው ምሰሶውን በጣታቸው እንዳንኳኩትና «ይኼ ከመጀመሪያው ይሻላል» እንዳሉ ነገሩኝ። «እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ አላውቅም» ብለው ፈገግ አሉ።

ከቀብር ስንመለስ ለሚ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አሁን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኗል፤ የሒሳብ። ከዚያ ሁሉ ዘር ከተረፉት መካከል አንዲት ዝግባ ደረቴ ድረስ ደርሳለች።

«ቲቸር፣ ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

«ገና አይታወቅም። እስኪያፈራ ወይም ብናኝ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

«እሳቸውም ሁሌ ይህንኑ ይጠይቁኝ ነበር» አለ ለሚ። «አይታወቅም ስላቸው ‘እንግዲያው ሌላም ትከል’ ይሉኝ ነበር።»

እናንተም ሞክሩት። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ፣ ከድሮ ጫካ በተረፈው ቦታ ሁሉ ያረጀ ዝግባ አይጠፋም። ፍሬ ካያችሁበት ሴት ናት። የወደቀውን ልቀሙ፤ ከዛፉ አትሸምጥጡ። ሥጋውን ልጣችሁ፣ ቅርፊቱን ቀስ አድርጋችሁ ሰንጥቁ፣ አሳድራችሁ ዝሩት። አንድ ብቻ አትዝሩ፤ የቱ ወንድ የቱ ሴት እንደሚሆን አይታወቅምና ብዙ ዝሩ። ከዚያ አጠጡት፣ ጥላ አድርጉለት፣ እጃችሁንም ከአፈሩ ላይ አንሡ።